ማን ማንን አዳነ

መርማሪዋ የግራ ጫማዋን ማሰሪያ እየፈታች ሳለ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የቀኙን አነሱና አፍንጫውን ወደ በሩ አዙረው አስቀመጡት።

«ይተዉት አባቴ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ።»

«የለመደ እጅ ነው፣ ልጄ። ሲገባ መውጫውን ያላዘጋጀ ሰው ፍራሽ ላይ አይወጣም። ለልጄም ይህንን ያስተማርኩት በአምስት ዓመቱ ነው።»

የቢሮው የስብሰባ ክፍል ጠረጴዛ አልነበረውም። ወለሉ አረንጓዴ የስፖርት ፍራሽ ለብሷል፤ ግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። እዚህ የሚሠራው አራት ሰው ያለው ቡድን ነው፤ ለሆስፒታሎች ቀጠሮ የሚይዝ ሶፍትዌር ያዘጋጃል። የቡድኑ መሪ የሽማግሌው አንድ ልጅ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ከኋላ ካለው ደረጃ ግርጌ ሞቶ አገኘችው። ጣቢያው የመዘገበው አንድ መስመር ነው፦ አዳልጦት ወደቀ።

ሽማግሌው ያንን መስመር ይዘው ነበር መርማሪዋ ዘንድ የሄዱት። አርባ ዓመት ጁዶ አስተምረዋል። በፊቷ አላለቀሱም። «ጁዶ ሲጀመር የሚማሩት መጣል አይደለም፣ መውደቅ ነው» አሏት። «አገጭህን ወደ ደረትህ፣ መዳፍህን ወደ መሬት። ልጄ ይህንን በእንቅልፍ ልቡም ያደርገዋል። ታዲያ እንዴት በራስ ቅሉ ወደቀ? ያስተማርኩት ከዳው ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

መርማሪዋ የአስከሬን ምርመራውን ወረቀት ሦስቴ አንብባዋለች። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል፤ ሞቱ ፈጣን ነበር። መዳፎቹ ላይ ጭረት የለም። የግራ እጁ ሁለት ጥፍሮች ግን ተሰብረዋል። ጀማሪ እንኳ ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል። እነዚህ እጆች ምን ይዘው ነበር?

መጀመሪያ ያነጋገረችው ቀጭኑን ልጅ ነበር፤ ጋሻ ይሉታል።

«ጋሻ ማን አለህ?»

«ፌዝ ይመስላል፣ አይደል?» ፈገግ ሊል ሞክሮ አቃተው። «በምሳ ሰዓት አብረን የኮምፒውተር ጌም እንጫወታለን። ከፊት ቆሜ ዱላውን የምቀበለው እኔ ነኝ። አለቃ ነው የመደበኝ። የራሱ ጥላ የሚያስደነግጠውን ሰው! ሦስት ወር ሙሉ ሞትኩ። በአራተኛው ወር ደንበኛ ሲጮህብኝ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።»

«ሌሎቹስ?»

«ልጅቷ ቀስት ናት፤ ከሩቅ አይታ ትመታለች። በሥራም የፕሮግራሙን ስህተት የምትለቅመው እሷው ናት። ምክትሉ ፈዋሽ ነው። ቁጣው አፍንጫው ላይ ስለሆነ፣ ትዕግሥት ይማር ብሎ የወደቀውን እንዲያነሳ መደበው።»

«ሐሙስ ዕለትስ?»

«አለቃ ‹ዛሬ ያለ እኔ ሞክሩት› አለን። ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ሦስታችንም በየክፍላችን ማዳመጫ አድርገን ስንጫወት ነበር። አንዱ ቢነሳ የጌሙ ሰውዬ ደርቆ ይቀራል፤ ይታወቃል። ማንም አልተነሳም።»

ቀስት ምላሷም እንደ ስሟ ነው።

«ከአለቃሽ ጋር የሚጣላ ሰው ነበር?»

«እኔ። በየቀኑ። ሻዩ ላይ አምስት ማንኪያ ስኳር ሲገለብጥ።» ይህንን ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

መርማሪዋ ወደ ሰሌዳው ጠቆመች። በትልልቁ «ማን ማንን አዳነ» ይላል፤ ከሥሩ አጫጭር መስመሮች ተደርድረዋል። ሰኞ፦ ጋሻ ቀስትን። ማክሰኞ፦ ፈዋሽ ጋሻን።

«ሌላ ቢሮ የሰው ጥፋት ይለቀማል፤ የኛ ሰውዬ ደግሞ ግልባጩን አመጣ» አለች ቀስት። «አርብ አርብ፣ በአለቃ ኮምፒውተር በራሱ የሚቀረጸውን የሳምንቱን የጌም ቅጂ አብረን እናያለን፤ ማን ማንን እንዳዳነ ይጻፋል። ከዚያ ስለ ሥራው እናወራለን። እስከ አርብ ማንም ማንንም አይወቅስም። ብትሞቺም ዝም ብለሽ ትሞቻለሽ።»

«ያለፈው አርብስ?»

«አርብ እሱን ቀበርነው።»

ምክትሉ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ነው። ክፍሉ ይሞቃል፤ እሱ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቷል።

«ስምንት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። ወንድሜ ነበር» አለ። «እሱማ ትቶን ወደ አባቱ የጁዶ አዳራሽ ሊሄድ ነበር። ቢሄድ ምን ነበረበት? ይኸው ነው ሕይወት።»

መርማሪዋ ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች። ሌላ ጥያቄ አልነበራትም። ወደ መሪው ኮምፒውተር ሄዳ ግማሽ ሰዓት ብቻዋን ተቀመጠች።

ከዚያ ሁሉንም ባዶ እግራቸውን ፍራሹ ላይ ሰበሰበቻቸው። «ያልተደረገውን የአርብ ስብሰባ ዛሬ እናደርገዋለን። አባቴ፣ ልጅዎ ሰኞ ሰኞ መውደቅ ያስተምራቸው ነበር። እስቲ ይጣሏቸው።»

ሽማግሌው አንድ በአንድ ወደ ኋላ ጣሏቸው። ጋሻ በሁለት መዳፉ ፍራሹን መታ፤ ቀስትም። ምክትሉ በግራው ብቻ መታ።

«ቀኝ እጅህስ?» አሉት ሽማግሌው።

«ወለም ብሎኝ ነው፣ አባባ።»

መርማሪዋ የሐሙስን ቅጂ ሰሌዳው ጎን ባለው ስክሪን ላይ ከፈተች። ስድስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ደቂቃ። «ፈዋሹን ተመልከቱ። ቀስት ስትሄድ ይሄዳል፣ ስትቆም ይቆማል። ‹ተከተል› የሚል ቁልፍ አለ፤ አንዴ ከተጫኑት ሰውየው ወንበሩ ላይ ባይኖርም ይከተላል። በአርባ አንድ ጋሻ ሞተ። ፈዋሹ አጠገቡ አለ፣ አላነሳውም። ጋሻ፣ ለምን አልጮህክም?»

«እስከ አርብ… አንወቃቀስም» አለ ጋሻ።

«አለቃችሁ ለናንተ ያወጣው ደንብ ፈዋሹ ከወንበሩ መነሳቱን ሸፈነ። እዚህ ጋ ደግሞ እዩ፣ ሃምሳ ሁለት ላይ። ፈዋሹ ተመለሰ። ጋሻን አነሳ፤ ከዚያ መድኃኒቱን ላልቆሰለው ሁሉ እስኪያልቅ አፈሰሰው።»

ቀስት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሌላም አለ። መሪው ሐሙስ ጠዋት ለአባቱ ደውሎ ‹ሥራ ልለቅ ነው፤ ዛሬ ምሳ ላይ መንገር እጀምራለሁ› አለ። ጋሻ፣ ቀስት፣ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሁለቱም በአሉታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንድ ሰው ግን ነግሮኛል። አሁን ወደ እርስዎ ጥያቄ ልምጣ፣ አባቴ። በጁዶ፣ ጓደኛዎ ሲወድቅ የእርስዎ ግዴታ ምንድን ነው?»

«እጅጌውን አለመልቀቅ። በግራ እጄ ቀኝ እጅጌውን ይዤ ወደ ላይ መሳብ… ራሱ መሬት እንዳይ…» ሽማግሌው አልጨረሱትም። ዓይናቸው ወደ ምክትሉ ቀኝ ክንድ ሄደ።

ምክትሉ ጃኬቱን አወለቀ። ከክርኑ በላይ አራት ጣቶች ጠቁረው ታትመዋል።

«‹ቡድኑን ለቀስት አስረክባለሁ› አለኝ» አለ። «‹አንተ ገና ነህ፣ አንድ ዓመት ታገስ› አለኝ። ስምንት ዓመት ኮቴውን ተከትዬ! ደረቱን ገፈተርኩት። ደረጃው ከእግሬ ሥር ሸሸኝ፣ እኔም አብሬው ወደቅኩ። መዳፉን ቢዘረጋ ይድን ነበር። አልዘረጋም። በግራው እጅጌዬን፣ በቀኙ ኮሌታዬን ይዞ ከሥሬ ገባ።»

«ጮኸ?» አሉ ሽማግሌው።

«አልጮኸም። ‹አገጭህን!› አለኝ። እሱን ብቻ።»

«ከዚያስ?» አለች መርማሪዋ።

«ትንፋሹን አዳመጥኩ፤ የለም። ከዚያ ወንበሬ ላይ ራሴን አገኘሁት። ስክሪኑ ላይ ጋሻ ሞቶ ተጋድሟል። አነሳሁት። ማንሳት የምችለው እሱን ብቻ ነበር።»

ማንም አልሰደበው፣ ማንም አላጽናናው። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ጫማዎቹ፣ አፍንጫቸው ወደ ውጭ፣ ተዘጋጅተውለት ነበር። ሊያስር ጎንበስ ሲል ቀኝ እጁ እምቢ አለው። ጋሻ ተንበርክኮ አሰረለት።

ሽማግሌው ወደ ሰሌዳው ሄዱ። «ያስተማርኩት አልከዳውም» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አልታወቀም። ማርከሩን ከፈቱ፤ ከመጨረሻው መስመር ሥር፣ ፊደል እንደሚለምድ ሕፃን ቀስ ብለው ጻፉ።

ሐሙስ፦ አለቃ ፈዋሽን።

የማርከሩን ክዳን ቀጭ አድርገው ገጠሙና የሰሌዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት።