የያኸን መታጠፊያ

ሴራይና ገመዱን ከዛፍ ወደ ዛፍ ወጥራ «መንገዱ ዝግ ነው» የሚለውን ሰሌዳ ካንጠለጠለች አንድ ሰዓት እንኳን አልሞላም። ከፏፏቴው በላይ ያሉትን የድንጋይ ደረጃዎች የበረዶው ወራት ነቃቅሎ ጥሏቸው ስለነበር፣ ተንበርክካ አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው እየመለሰች ነው። የቫልቱርና መንደርን የእግር መንገዶች የምትጠብቀው እሷ ናት። በረዶው ቀልጦ ሣሩ ብቅ ሲል ቀለምና መዶሻ ይዛ ትወጣለች። የተናደውን ትክባለች፣ የደበዘዘውን ቀይና ነጭ ምልክት ታድሳለች፤ ብርዱ እስኪያስወርዳት ድረስ ከተራራው አትጠፋም።

ቀና ስትል አንድ ረጅም ወጣት ሁለት ከዘራ እየተመረኮዘ ገመዱን ሲሻገር አየችው።

«ገመዱ ለላሞች የታሰረ መሰለህ?» አለችው።

ወጣቱ ቆመና ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ብዙ በር አስከፍቶት እንደሚያውቅ ያስታውቃል። «አላወቅሽኝም መሰለኝ።»

«አወቅኩህ እንጂ። ፎቶህ ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ተለጥፏል። ፎቶው ግን ካንተ ይሻላል፤ ከተለጠፈበት ንቅንቅ አይልም።»

ፍሉሪን ነበር፤ የመንደሩ ኩራት፣ የበረዶ ላይ ቁልቁለት ሸርተቴ ተወዳዳሪው። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ወደ ስፖርት ትምህርት ቤት ስለሄደ፣ የአንድ መንደር ልጆች ሆነው ሳሉ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ባለፈው የካቲት ውጭ አገር ሲወዳደር ወድቆ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ሐኪሙ ከጠገነለት በኋላ በየቀኑ ዳገት እንዲወጣ አዞታል።

መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ጠየቃት። ድንጋይ የሚያቀብላት ሰው ካገኘች ለምሳ ሰዓት እንደምትጨርስ፣ ቆሞ የሚያያት ብቻ ካገኘች ግን እስከ ነገ እንደምትቆይ ነገረችው። ፍሉሪን ከዘራዎቹን ዛፍ ላይ አስደግፎ ድንጋይ ማቀበል ጀመረ።

በማግስቱም መጣ። በሦስተኛው ቀን ሲዘገይ ሴራይና ሳታስበው ወደ ታች ወደ መታጠፊያው ደጋግማ እያየች መሆኗ ገባት፤ ተናደደችም። ከጥድ ዛፎቹ መሀል ብቅ ሲል ግን ንዴቷ የት እንደገባ አላወቀችም።

በጋው እንዲህ ገፋ። እሷ ቀለም ስትቀባ እሱ ጣሳውን ይይዛል፤ እሷ ሰሌዳ ስትተክል እሱ ጉድጓድ ይቆፍራል። መጀመሪያ ሰሞን ዳገቱን እንደ ውድድር ይሮጥበትና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ጉልበቱን ይዞ ይቀመጥ ነበር። «ሰዓት የያዘብህ የለም እኮ» ትለዋለች። ቀስ በቀስ ከእሷ እርምጃ ጋር መሄድ ለመደ። በሰዓት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቁልቁል የሚወረወረው ጀግና ጥጃ ያስከተለች ላም ሲያይ መንገድ ለቆ በገደሉ ጠርዝ እንደሚዞር ያወቀች ቀን ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱም ቅር አላለውም፤ ስትስቅ ማየት ይወድ ነበር።

በነሐሴ አንድ ከሰዓት ዝናብ ያዛቸውና ወጣ ያለ ዓለት ሥር ተጠለሉ። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመው ዝናቡን ሲያዩ ፍሉሪን ድንገት ተናገረ።

«እንደገና ከላይ ስቆም እግሬ ይታዘዘኝ እንደሆነ አላውቅም። ይህን ለአሰልጣኜም አልነገርኩም።»

ሴራይና አላጽናናችውም፤ ቀላል መልስ እንደሌለው ታውቃለች። ጉንጩ ላይ የነካውን ቀይ ቀለም በአውራ ጣቷ ጠረገችለት። ቀለሙ ከጠፋ በኋላም ጣቷ እዚያው ቆየ። ዝናቡ ሲያባራ ሁለቱም አላዩም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሽት ሳይደርስ ወደ ቤቷ ይሸኛታል፤ ግን ከአጥሩ አያልፍም። ለምን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

የሴራይና አባት ያኸን የሞተው በጥር ወር በሚካሄደው የመንደሩ የሸርተቴ ውድድር ላይ ነው። ላሪክስ ከሚባሉት ዛፎች ጫካ በታች ያለው መታጠፊያ ላይ ወድቆ አልተነሳም። ሴራይና ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። የመንደሩ ሰዎች በቅን ልብ ቦታውን «የያኸን መታጠፊያ» ብለው ሰየሙት። በዚህ የተነሳ በየዓመቱ ጥር በመጣ ቁጥር ድምፅ ማጉያው ያንን ስም በተወዳዳሪዎቹ ቁጥር ልክ ይጠራዋል።

እናቷ ኔሳ ከዚያ ወዲህ መንሸራተቻ ነክታ አታውቅም። ለእግር ተጓዦች የምታከራያቸው ሰባት ክፍሎች አሏት፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ታስተናግዳለች። በረዶ ሲጥልና የመንደሩ ቤት ሁሉ በእንግዳ ሲጨናነቅ የእሷ ቤት ይዘጋል። በውድድሩ ቀን ደግሞ በጠዋቱ አውቶቡስ ታች ሸለቆ እህቷ ዘንድ ወርዳ፣ ሁሉም ነገር ጸጥ ሲል ትመለሳለች። የሸርተቴ ሰው የቤቷን ደጃፍ አይረግጥም።

በመስከረም መጨረሻ ፍሉሪን አጥሩን አልፎ ገባ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶታል። ሴራይና ከኋላው ቆማ እጇን የምታሳርፍበት አጣች። ኔሳ በሩን ከፍታ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆመች።

«እትዬ ኔሳ፣ ሴራይናን እወዳታለሁ። ላገባት ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ኔሳ ለረጅም ጊዜ አየችው። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይቀል ነበር።

«ጉልበትህ ዳነ?»

«ድኗል።»

«እንግዲያው ትመለስበታለህ።»

«በጥር እዚሁ እወዳደራለሁ።»

«ውድድሩን ተውና ልጄን ውሰድ» አለች ኔሳ። «አልተውም ካልክ ግን እኔ ዘንድ ምንም ጉዳይ የለህም።» በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ፍሉሪን ሦስት ቀን አሰበበት። በአራተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከሴራይና ጋር ተቀምጠው ሳለ፣ መወዳደሩን እንደሚተው ነገራት። ታቅፈኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«ተው ብዬህ አውቃለሁ?» አለችው።

«እናትሽ እኮ…»

«እናቴን ተዋት። እኔ ብዬሃለሁ ወይ?»

«አላልሽኝም።»

«በረዶ በጣለ ቁጥር መስኮት ሥር ተቀምጦ የሚያኮርፍ ባል አልፈልግም። ከአሥር ዓመት በኋላ ‹ለአንቺ ብዬ ነው የተውኩት› ስትለኝ ከአሁኑ ይሰማኛል። ሂድና ተንሸራተት። ሲበቃህ በራስህ ጊዜ ትተወዋለህ።»

«ብወድቅስ?»

ሴራይና ልጅ ሳለች በየዓመቱ በአውቶቡስ ስለምትወሰድ፣ ካደገችም በኋላ በዚያን ዕለት ከቤት ስለማትወጣ፣ ውድድር በዓይኗ አይታ አታውቅም። «መታጠፊያው ላይ እቆማለሁ» አለች። «ስታልፍ ታየኛለህ።»

ፍሉሪን በጥቅምት ከቡድኑ ጋር ለልምምድ ሄደ። በየቀኑ ይደውላል፤ ቀኑ ከፍቶበት ከሆነ ከድምፁ ታውቃለች። ቤት ውስጥ ግን እናትና ልጅ ስለ ማገዶና ስለ ሾርባ ካልሆነ አይነጋገሩም። ኔሳ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተባባሉትን ሰምታለች።

«እሱ ሊተው ነበር» አለች አንድ ቀን ድንች እየላጠች። «አትተው ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«አንቺስ አባቴን ተው ብለሽው ታውቂያለሽ?» አለች ሴራይና።

ኔሳ የላጠችውን ድንች እንደገና መላጥ ጀመረች።

የውድድሩ ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ብርዱ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ነበር። ሴራይና ጠዋት ስትወጣ እናቷ እንደልማዷ ቦርሳዋን አዘጋጅታ ካፖርቷን እየቆለፈች ነበር። ሴራይና ከሁሉም ቀድማ ላሪክስ ጫካው ሥር ደረሰች፤ ተወዳዳሪ ከመንገዱ እንዳይወጣ ከተዘረጋው መረብ በስተጀርባ ቆመችና ጠበቀች።

ሰው ሞላ። ደወል ያንቃጭላል፣ ባንዲራ ይውለበለባል። የመጀመሪያው ተወዳዳሪ እንደ ድንጋይ ተወርውሮ ሲያልፍ ንፋሱ ፊቷን መታት፤ ሳታውቀው ዓይኗን ጨፈነች። «አሁን የያኸን መታጠፊያ ላይ ደርሷል» ይላል ድምፅ ማጉያው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው አለፉ። አምስተኛው ተንሸራቶ መረቡ ውስጥ ገባ። ደህና ሆኖ ተነሣ፤ ሴራይና ግን መረቡን በሁለት እጇ ጨበጠች። ፍሉሪን አሥራ ሰባተኛ ነው።

አሥራ አራተኛው ካለፈ በኋላ አንድ ሰው አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ስትዞር እናቷ ናት፤ የጉዞ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች።

የአውቶቡሱ ሾፌር ጋሽ ዱሪ በኋላ እንዳወራው ከሆነ፣ በሩን ከፍቶላት ኔሳ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ቆመች። ተሳፋሪዎቹ ጠበቁ። ጋሽ ዱሪም ሃያ ሁለት ዓመት ሲያመላልሳት አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ሰባት ደቂቃ ዘገየ። በመጨረሻ እግሯን አወረደችና «ሂድ ዱሪ፣ እህቴን አትጠብቂኝ በልልኝ» አለችው።

«ተው ብዬው አላውቅም» አለች ኔሳ፣ ዓይኗን ከቁልቁለቱ ሳትነቅል። «ጠይቀሽኝ ነበር። አንድም ቀን አላልኩትም። ሲወርድ ማየት ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔም እወርድ ስለነበር አውቀዋለሁ። ይሄ ሁሉ ዓመት እንደ ኃጢአት ተሸክሜዋለሁ።»

ሴራይና እናቷ በወጣትነቷ የሴቶቹን ውድድር እንዳሸነፈች ከሰው ሰምታለች፤ ከራሷ አፍ ግን ወጥቶ አያውቅም። የእናቷን እጅ ያዘች። እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

«ከጥላው ሥር ያለው በረዶ ጠንክሯል» አለች ኔሳ ቀጥላ። «ከፀሐይ ሲገቡበት አያዩትም። መታጠፊያውን ከላይ በኩል የሚገባውን ሁሉ ያንሸራትተዋል።»

አሥራ ሰባተኛው ተጠራ። ሕዝቡ ጮኸ። ሴራይና በዚህ ጊዜ ዓይኗን አልጨፈነችም። ፍሉሪን ከጫካው ጠርዝ ብቅ ሲል ሰውነቱን ጠቅልሎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር። ከላይ በኩል ገባ። ጥላው ውስጥ ሲደርስ በቁልቁለቱ በኩል ያለው የታችኛው እግሩ ከዳው፤ አንዱ መንሸራተቻ ወደ አየር ተነሣ፣ እጁ በረዶውን ጠረገ። ኔሳ ለሃያ ሁለት ዓመት ያላወጣችውን ድምፅ አውጥታ የታችኛውን እግር እንዲጫን ጮኸችበት። ይስማት አይስማት ማንም አያውቅም። ተጫነው። ብረቱ በረዶውን ነከሰ፤ ፍሉሪን ተቃና፣ መታጠፊያውን ጨርሶ በዓይናቸው ፊት ወደ ታች ተሰወረ።

ድምፅ ማጉያው ትንሽ ቆይቶ ሰዓቱን ሲናገር ቃሉ በጩኸት ተዋጠ። ሲደግመው ሰሙት፦ ፍሉሪን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ልዩነት መሪ ሆኗል። ከእሱ በኋላ ከሠላሳ በላይ ተወዳዳሪ ወረደ፤ ያንን ሰዓት ማንም አልደረሰበትም።

እናትና ልጅ ተያይዘው ወደ መጨረሻው መስመር ወረዱ። ሰዎች ኔሳን ሲያዩ መንገድ ለቀቁላት፤ አንዳንዱ ባርኔጣውን አነሣ። ፍሉሪን አበባ ታቅፎ ከፎቶ አንሺዎች መሀል ቆሞ ነበር። ሲያያቸው የራስ ቁሩን አውልቆ፣ ሁሉንም ትቶ ወደ እነሱ መጣ።

«ከላይ ገባህ» አለችው ኔሳ።

«አዎ፣ እትዬ ኔሳ።»

«ያኸንም እንደዚሁ ነበር የሚገባው። እነግረው ነበር፣ አይሰማኝም።»

«እኔ እሰማለሁ።»

ኔሳ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «እንግዲህ ና» አለች። «የገብስ ሾርባ አለ። እየበላህ አንድ በአንድ አስረዳሃለሁ።»

ያን ቀን የኔሳ የምግብ ጠረጴዛ ቁልቁለት ሆነ። የዳቦ ቁራጮች ተወዳዳሪው የሚያልፍባቸው በሮች፣ ማንኪያው መንሸራተቻ ሆኑ፤ ሾርባው ቀዘቀዘ። ሴራይና ሁለቱን ስታይ እንባዋ መጣ፤ ደስታ እንዲህ ከባድ መሆኑን ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር።

ፍሉሪን ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ተወዳድሮ፣ አንድ ማለዳ «በቃኝ» ብሎ በራሱ ፈቃድ ተወ። ሠርጋቸው ግን ባሸነፈበት በዚያው ዓመት በሰኔ ነበር፤ ከላይ ባለችው ትንሽ ጸሎት ቤት፣ ሴራይና ራሷ በጠረገችው የሁለት ሰዓት መንገድ። የፍሉሪን የቡድን ጓደኞች፣ በቁልቁለት ዓለም የሚያውቃቸው ጎረምሶች፣ ዳገቱ ላይ ምላሳቸውን አውጥተው ሲያለከልኩ፣ የሰባ ዓመት ተጓዦች እየሳቁ አለፏቸው።

ሙሽራዋ ቀድማ ደርሳ ከቄሱ ጋር በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ፍሉሪንና ኔሳ ጎን ለጎን መጡ፤ እጃቸውን እያወናጨፉ ስለ አንድ መታጠፊያ ይከራከራሉ። ክርክሩ ስላየለ ሙሽራዋንም ቄሱንም ሳያዩ አልፈዋቸው ሄዱ።

«ልንጋባ ነው ወይስ ሁለታችሁ ልትወዳደሩ?» አለች ሴራይና ከኋላቸው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኔሳ ዞረች፤ ፊቷ እንደ ልጃገረድ ቀላ። የፍሉሪንን ክንድ ይዛ ወደ ልጇ አመጣችውና እጁን በእጇ ላይ አኖረች።

«ያዥው» አለቻት። «አጥብቀሽ ያዥው።»