አራት ቤት፣ አርባ አንድ ደንብ

ሟቹ ምድር ቤት፣ ከመጨረሻው ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ጭንቅላቱ ወለሉ ላይ፣ ተረከዞቹ አራተኛው ደረጃ ላይ ናቸው። አጠገቡ «ጥንቃቄ፤ ደረጃው ታጥቧል» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ከሰሌዳው ወዲህ ሚስቱ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ እንደሰበሰበች፣ መወልወያ ይዛ ቆማለች።

መርማሪዋ ገና ደብተሯን ሳታወጣ ሴትየዋ «የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች።

«በምን?»

«በሳሙና።»

መርማሪዋ ደብተሩን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አጭር፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል፤ እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ የምትጠብቅ ስለሆነች።

ሕንፃው ምድር ቤቱን ጨምሮ አራት ፎቅ ነው፤ በየፎቁ አንድ ባለቤት። አራቱ ባለቤቶች ማኅበር አላቸው፣ ማኅበሩም አርባ አንድ ደንብ አለው። ሟቹ የመሬት ቀያሽ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ነበር። በደንብ ቁጥር ዘጠኝ መሠረት ደረጃው በየቅዳሜው በተራ ይታጠባል፤ የዚህ ቅዳሜ ተራ የሚስቱ ነበር።

«ሁለት ሰዓት ላይ ጀመርኩ፤ ከላይ ወደ ታች» አለች። «ሦስት ሰዓት ላይ ጨርሼ ባልዲውንና ጨርቁን ላጥብ ጓሮ ሄድኩ። ሳሙና አብዝቼ ነበር። ወንድሜ ሁልጊዜ አታብዢ ይለኛል። ወደ አራት ሰዓት ግድም ሲጮህ ሰማሁት።»

ወንድሟ ከኋላዋ ሆኖ ትከሻዋን ይዟል። ፍሬም ሠሪ ነው፤ ሱቁ ገበያ ውስጥ፣ ቤቱ እዚሁ ምድር ቤት። «እትዬ፣ በቃ። ሆን ብለሽ አይደለም፤ ማንም አይፈርድብሽም» አላት። ይህን ሲላት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ሴትየዋ ገና ሳትከሰስ ይቅርታ እየተደረገላት ነው፤ መርማሪዋ ይህን ልብ አለች።

«እርስዎ ነዎት ያገኟቸው?»

«ሱቄን ልከፍት ስወጣ በሬ ላይ ወድቆ አገኘሁት። ፋርማሲስቱን ልጠራ ወደ ላይ ስሮጥ እኔም ልዘረጋ ነበር። ደረጃው እንደ ዓሣ ያሙለጨልጫል።»

ፎቶ አንሺው ሥራውን ሲጨርስ መርማሪዋ ከሬሳው አጠገብ ተቀመጠች። የጥቁር ሱሪው ሁለት ጉልበቶች ነጭ ሆነዋል። በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ እፍ አለችበት፤ ነጩ እንደ ዱቄት ብን አለ። ኪሱ ውስጥ በቅርቡ የተቀረጸ እርሳስና ሰንጢ አሉ። ወረቀት ግን የለም።

በምድር ቤቱና በአንደኛው ፎቅ መካከል ደረጃው የሚታጠፍበት ሰፋ ያለ ማረፊያ አለ። ግድግዳው ላይ ከጥግ ወደ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ ይታያል። ስንጥቁን እያቋረጡ አምስት የመስታወት ቁራጮች፣ እያንዳንዳቸው ጣት የሚያህሉ፣ በጄሶ ተለጥፈዋል። ከሥራቸው፣ በታጠበው ወለል ላይ፣ ነጭ ብናኝ አለ። መርማሪዋ ጣቷን በመስታወቶቹ ጠርዝ ላይ አንድ በአንድ አስኬደች። አንደኛውና ሁለተኛው ቧጨሯት። ሦስተኛው አልቧጨራትም። አራተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ደማ፤ በመሐረብ ጠቅልላው መውጣቷን ቀጠለች።

ፋርማሲስቱ በሩን ሳታንኳኳ ከፈተላት። ሳሎኑ ውስጥ ስድስት እርምጃ ሄዳ ግድግዳ ሲገጥማት ዞራ ተቀመጠች።

«በዚህ ማኅበር ሰው ቢያስነጥስ ስብሰባ ይጠራል» አለ ፋርማሲስቱ። «ለሦስት የአበባ ማሰሮ ሦስት ደብዳቤ ነው የተጻፈልኝ! ደረጃ ላይ አይቀመጥም ተብሎ። አበባ ነው እንጂ አንበሳ አላሳደግኩ!»

«ይጠሏቸው ነበር?»

«ጋሼን? ደንቡን ነው የምጠላው። እናቴ እግሯን የተሰበረች ጊዜ ማን መሰለሽ ተራ ያወጣላት? ይኸው ማኅበር ነው። ጋሼ አራት ወር ሙሉ ከነወንበሯ ተሸክሞ ሲያወጣትና ሲያወርዳት ነበር። ጎረቤት እንዲህ በደንብ ሲታሰር ያንቃል፤ ሲከፋህ ግን የሚይዝህ ያው ገመድ ነው።»

«መስታወቶቹስ?»

«እሱ ነው የለጠፋቸው። ግድግዳ ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አይቶ በማስታወሻው ይጽፋል።»

«ስንጥቁ ከመምጣቱ በፊት የሰሙት ድምፅ አለ?»

ፋርማሲስቱ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ከታች መዶሻ ሰምቻለሁ። መደርደሪያ እየሰቀለ ይሆናል ብዬ ነው።»

«ስንት ቀን?»

«አምስት ቀን።»

«ትልቅ መደርደሪያ ነው» አለች መርማሪዋ። «ዛሬስ ሲጠሩ እንዴት ወረዱ?»

«እየሮጥኩ ነዋ፤ በነጠላ ጫማ።»

ሁለተኛው ፎቅ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጡት ዲሬክተር፣ ሰነዳቸውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ጠበቋት። የእሳቸውም ሳሎን በስድስት እርምጃ አለቀ።

«ደንብ የሌለው ቤት መናኸሪያ ነው፣ ልጄ» አሉ። «እኛ ጋ ውኃ ጠፍቶ አያውቅም። ሌባ ገብቶ አያውቅም። ሰው ግን የተጠበቀበትን አያይም፤ የተከለከለውን ብቻ ይቆጥራል።»

«ስለ ስንጥቁ ተነጋግራችሁ ነበር?»

«በቃለ ጉባኤ ላይ የለም።»

«በቃለ ጉባኤ ላይ መኖሩን አልጠየቅሁም፣ እማማ።»

አዛውንቷ መነጽራቸውን አውልቀው መወልወል ጀመሩ፤ መስታወቱ ንጹሕ ነበር።

ስትወርድ ፍሬም ሠሪውን ውኃ ለመነችው። እሱ ወደ ኩሽና ሲገባ ከበሩ ወደ መስኮቱ በዝግታ ተራመደች። አሥራ አንድ እርምጃ። በመሐል፣ ምንጣፉ በሚያልፍበት በኩል፣ ወለሉ እግሯ ሥር ትንሽ ጎርበጥ አላት።

«ሰፊ ቤት ነው» አለችው፣ ብርጭቆውን እየተቀበለች።

«ሥራዬ ቦታ ይፈልጋል። እህቴን ግን አደራ፤ ሆን ብላ አይደለም።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪዋ ላይኛው ፎቅ ወጣች። ሚስቱ እንግዶች ትተውት የሄዱትን ወንበር ሁሉ በረድፍ አስተካክላ መሐል ላይ ተቀምጣ ነበር። አታለቅስም። ለሁለት ቀን ያለቀሱት ሌሎች ናቸው፤ እሷ እነሱን ስታጽናና ሰንብታለች። ጠረጴዛው ላይ የሟቹ ፎቶ በሁለት መስታወት መካከል ተጣብቆ ቆሟል።

«ወንድሜ ነው የሠራልኝ። ከእኔ ጋር ነው ያለው፤ እጄን አልለቀቀም።»

መርማሪዋ ጣቷን በመስታወቱ ጠርዝ ላይ አሳለፈች። «አይቆርጥም።»

«ሁሉንም እንደዚያ ያለሰልሰዋል። ሥራ ሲጀምር መዳፉን ተቆርጦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰው እንዳይጎዳብኝ ይላል። ጠርዙን ሳይሞርድ መስታወት ከእጁ አይወጣም።»

መርማሪዋ ፎቶውን አስተካክላ አቆመችው። ከዚያ «አራት ሰዓት ላይ ዲሬክተሯ ቤት ይምጡ። ሁሉም ይኖራሉ» አለቻት።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው ሁልጊዜም ዲሬክተሯ ሳሎን ነው። አራቱም በየለመዱት ወንበር ተቀመጡ። የሊቀ መንበሩ ወንበር ባዶ ቀረ። ዲሬክተሯ ከልማድ «ምልዓተ ጉባኤው…» ብለው ጀመሩና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

መርማሪዋ ቆማ ተናገረች።

«ደረጃ ሲወርድ የሚንሸራተት ሰው እግሩ ይቀድማል፤ በመቀመጫው ወይም በጀርባው ተንሸራቶ እግሩ ታች ይደርሳል። እኚህ ሰው ጭንቅላታቸው ታች፣ እግራቸው ላይ ነበር። ፊታቸውም ወደ ላይ። ስለዚህ እየወረዱ አልነበረም። ማረፊያው ላይ፣ ጀርባቸውን ለቁልቁለቱ ሰጥተው፣ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ቆመው ነበር።»

ፋርማሲስቱ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

«ሁለተኛ። ጉልበታቸው ላይ ጄሶ ነበር። ማረፊያው ከታጠበ በኋላ ተንበርክከዋል ማለት ነው፤ ወለሉ ላይም ብናኝ አለና። ጄሶ ውኃ ሲነካው ይቦካል፣ ጨርቅ ላይም ይለጠፋል። እሳቸው ግን ተንበርክከው፣ ያን ሁሉ ደረጃ ወድቀው፣ ብናኙ እፍ ስለው ተነሣ።» ወደ ሚስቱ ዞረች። «ደረጃው ደርቆ ነበር፣ እመቤቴ። ሳሙናዎ ማንንም አልገደለም።»

ሴትየዋ እጆቿን ተመለከተች። ሦስት ቀን ሙሉ ከወንድሟ በቀር ከሰው ሁሉ ስትደብቃቸው ነበር። ቀስ ብላ ጭኗ ላይ ዘረጋቻቸው።

«ፋርማሲስቱ በነጠላ ጫማ ሮጠው ወርደዋል፤ አልተንሸራተቱም። ደረጃው ያሙለጨልጫል ያለኝ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ማንም ወደ ፍሬም ሠሪው አልዞረም።

«እማማ፣ አሁን በቃለ ጉባኤ ላይ የሌለውን ይንገሩን።»

ዲሬክተሯ ድምፃቸው ተሰበረ። «ከመሞቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ መጥቶ ሦስተኛው መስታወት ተሰበረ፣ ግድግዳው እየሄደ ነው አለኝ።»

«በሞቱበት ቅዳሜ ሦስተኛው መስታወት ግን ሙሉ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ቀያሹ የለጠፏቸው በእጅ የተሰበሩ ናቸው፤ ጠርዛቸው ያደማል፣ የእኔን ጣት አድምተዋል። ሦስተኛው ጠርዙ ተሞርዷል። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማንም እጁን ለማያሳርፍበት ቁራጭ ማን ይለፋል? ሥራው ያስለመደው ሰው ብቻ። እሳቸውም ያ መስታወት የእሳቸው እንዳልሆነ ወዲያው ገባቸው፤ ተንበርክከው አዲሱን ጄሶ በሰንጢ ፋቁ። እርሳሳቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር፣ ማስታወሻቸው አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ገበያ ያለው ሱቅ ውስጥ፣ ከፎቶ ጀርባ ከሚገቡት ካርቶኖች መካከል አገኘነው።»

ማስታወሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እዚህ ሳሎን ከበሩ ስድስት እርምጃ ላይ ግድግዳ አለ። ፋርማሲስቱም ጋ እንደዚሁ። ምድር ቤቱ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ደንብ ቁጥር ሰባት፣ እማማ?»

ዲሬክተሯ ሳያነቡ ተናገሩት። «ማንም ባለቤት ያለ ማኅበሩ ፈቃድ ግድግዳ አያፈርስም።»

«ከአርባ አንዱ ደንብ ሦስት ፎቅ የተሸከመው ይህ ብቻ ነው።»

ፍሬም ሠሪው ከወንበሩ ሳይነሣ መናገር ጀመረ። «አልገፋሁትም። ማስታወሻውን ልነጥቀው ነበር። አንድ ወር ሰጠሁህ፣ ግድግዳውን መልሰህ በመሥራት ፈንታ መስታወት ትቀይርልኛለህ አለኝ። ዛሬውኑ ለከተማው እጽፋለሁ አለ። ያስለቅቁኝ ነበር፣ እትዬ። ያዝኩት፣ ተሳሳብን፣ ከዚያ…»

«አንድ ወር?» አለች እህቱ። የጠየቀችው ግን እሱን አይደለም፤ ዲሬክተሯን ነው።

«አዎ ልጄ። ስብሰባ እንጥራ ስለው እምቢ አለ። እህቱ ናት፣ ሳትሰማ ያስተካክለው፣ አታሳፍሯት አለ።»

«እርስዎም ያውቁ ነበር?» አለች ወደ ፋርማሲስቱ ዞራ።

ፋርማሲስቱ በአገጩ ወደ ፍሬም ሠሪው አመለከተና አንገቱን ደፋ። «ስለ መዶሻው ዝም ካልክ ስለ አበባዎችህ ድምፄን እሰጥሃለሁ አለኝ። ይህን ያህል ነገር ነው ብዬ አላሰብኩም።»

ሴትየዋ ክፍሉን ዞር ብላ ቃኘች፤ ባዶውን ወንበርም ጭምር። አሥራ ሦስት ዓመት በዚህ ክፍል ስለ ባልዲ፣ ስለ በር ደወል፣ ስለ ምንጣፍ ማራገፊያ ሰዓት ሲከራከሩ ሰምታለች። ወንድሟን ወደዚህ ቤት ያስገባችው እሷ ነበረች። በማኅበሩ ፊት ቆማ «እኔ አለሁለት» ብላ ነበር።

«ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር» አለች። «ከእኔ በቀር።»

ከዚያ ተነሥታ ወንድሟ ፊት ቆመች። ድምጿ ከፍ አላለም።

«ሦስት ቀን እጄን ይዘህ፣ ሆን ብለሽ አይደለም አልከኝ።»

«እትዬ…»

«ጥፋቱ የእኔ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ አንተ ትተርፈኝ ነበር።»

ደጅ የቆሙት ፖሊሶች ይዘውት ወረዱ። ማረፊያው ጋ ሲደርሱ እግሩን ቀስ ብሎ ሲያሳርፍ ተሰማ።

እኩለ ቀን ላይ መሐንዲሶች የብረት ምሰሶ ጭነው መጡ። ሕንፃው እስኪደገፍ ድረስ ማንም ውስጡ እንዳያድር አዘዙ። ፋርማሲስቱ እናቱን ብቻውን ለማውረድ እየታገለ ነበር፤ ዲሬክተሯ ሰነዳቸውን ታቅፈው መንገድ ዳር ቆመዋል። ሚስቱ አንድ ትንሽ ሻንጣ ይዛ በመጨረሻ ወጣች።

መርማሪዋ ሻንጣውን ተቀበለቻት። «የት ላድርስዎ? ከእርስዎ ጋር ማን ይሆናል?»

ላለፉት ሦስት ቀናት የመጣው ሰው ሁሉ ይህንኑ ጠይቋት ነበር፤ የምትመልሰውም አንድ መልስ ነበር። አፏ ከሐሳቧ ቀደመ።

«ወንድ…» አለችና ቆመች።

መርማሪዋ ጥያቄውን አልደገመችም።