ማንም የማይመዘግብበት ቤት

ታንጉት መንገሻ የሆስፒታል ላቦራቶሪ መሣሪያዎችን እየጠገነች ሃያ ዓመት አገር ለአገር ዞራለች፤ የትም ብትሄድ የምታድረው ሆቴል ነበር። ዘንድሮ ግን ሆቴል ሰለቻት። በግድግዳው አልፎ የሚመጣው የማታውቀው ሰው ሳል፣ ገና ልብሷን ሳትለብስ በር የሚያንኳኳው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መታወቂያ አሳዪ፣ ፈርሚ፣ ከየት መጣሽ፣ መቼ ትወጫለሽ መባሉ አንገፈገፋት። ለነሐሴው የደሴ ሥራዋ ጦሳ ተራራ ግርጌ ያለውን፣ ለእንግዳ በቀን የሚከራየውን ቤት በስልኳ ፈልጋ ያገኘችላት ልጇ ቤዛዊት ናት።

«ሙሉ ቤት ነው፣ እማ» አለቻት። «የራስሽ ወጥ ቤት አለሽ። ስትገቢ ስትወጪ የሚያይሽ የለም።»

እሑድ እኩለ ቀን ላይ ስትደርስ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ግቢውን ሞልቶት ነበር። አከራይዋ ወይዘሮ ዘምዘም የምትኖረው አዲስ አበባ ስለሆነ የተነጋገሩት በስልክ ነው። «ቁልፉ የመብራት ቆጣሪው ሳጥን ውስጥ አለልሽ። እንደ ቤትሽ ሁኚ፣ እታለም» አለቻትና ዘጋች።

ቤቱ ንጹሕ ነው። ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ጠባብ ወጥ ቤት፣ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት። ጥግ ላይ ዳንቴል የለበሰ የመስመር ስልክ ተቀምጧል። ሽታው ብቻ ትንሽ ከበዳት፤ የሳሙና ሽታ ነው፣ ግን ከሥሩ ለረጅም ጊዜ ተከድኖ እንደኖረ የውሃ ጉድጓድ ያለ ቅዝቃዜ አለው። መስኮቱን ከፈተችው፤ የገባው ጉም ብቻ ነበር።

ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ከሆስፒታሉ ስትመለስ አልጋዋ ተነጥፏል፤ ጠዋት የተወችው ብርጭቆ ታጥቦ ተደፍቷል፤ ፎጣው እርጥብ ነው። ምንም አልመሰላትም። ሃያ ዓመት ሙሉ አልጋዋን የሚያነጥፈው የማታውቃት ሴት እጅ ስለሆነ፣ የእጁን ባለቤት መጠየቅ ከረሳች ቆይታለች።

ማክሰኞ ሻንጣዋ ውስጥ አጣጥፋ የተወችውን አረንጓዴ ሹራብ ወንበር ላይ ተሰቅሎ አገኘችው። አንገትጌው ረጥቧል። ስታሸተው ያው የተከደነ ጉድጓድ ሽታ አፍንጫዋን ሞላው፤ ማበጠሪያዋም ገና ውሃ ያንጠባጥባል። ወይዘሮ ዘምዘም ጋ ደወለች።

«ጽዳት የምትሠራው ሴት ስንት ሰዓት ነው የምትመጣው?»

«የምን ጽዳት? እንግዳ ከወጣ በኋላ ነው እንጂ የሚጸዳው። ሌላ ቁልፍም የለውም።» ወይዘሮ ዘምዘም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንቺንም ጀመረሽ?» አለችና መስመሩ ተቋረጠ። መልሳ ብትደውል ብትደውል የሚያነሳ ጠፋ።

ታንጉት ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ አልጋው ሥር አየች፣ የመስኮቶቹን ብረት እየያዘች ወዘወዘች። ማንም የለም። ሌባ ቢሆን ይሰርቃል ብላ ራሷን አጽናንታ፣ በሩን በወንበር ደግፋ ተኛች።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ልጇ ደወለችላት።

«እማ፣ ጠዋት ምን ሆነሽ ነው?»

«የቱ ጠዋት?»

«በቤቱ ስልክ ስትደውዪልኝ ነዋ! የት እንደተወለድኩ፣ አባቴን ምን ብለሽ እንደምትጠሪው፣ ፊርማሽ ምን እንደሚመስል ስትጠይቂኝ። መጀመሪያ የምትቀልጂ መስሎኝ ስቄ ነገርኩሽ። ኋላ ግን… ድምፅሽ ልክ አልነበረም። ውሃ ውስጥ ሆነሽ የምታወሪ ነው የሚመስለው።»

ታንጉት ጠዋት ሙሉ የተፈታ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ነበር የዋለችው። ምሳዋን ትታ ተነሳች፤ ሻንጣዋን ይዛ ዛሬውኑ ልትወጣ ቆረጠች።

ቤቱ ጋ ስትደርስ ገና ስምንት ሰዓት ነው፤ ጉሙ ግን ከመወፈሩ የተነሳ ቀኑ ጭራሽ ሳይነጋ የቀረ ይመስል ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። እጇን ዘርግታ ልትገፋው ስትል ከውስጥ የሴት ድምፅ ሰማች፤ ዝግ ያለ፣ የረጠበ፣ አንድ ነገር እየደጋገመ የሚለማመድ ድምፅ።

«ጽዳት የምትሠራው ሴት… ጽዳት የምትሠራው… ጽዳት የምትሠራው ሴት ስንት ሰዓት ነው የምትመጣው?»

በየድግግሞሹ ውሃነቱ እየቀነሰ ሄደ። መጨረሻ ላይ የራሷ ድምፅ ሆነ።

በክፍተቱ አየች። አረንጓዴውን ሹራብ የለበሰ ጀርባ የሳሎኑ መስታወት ፊት ቆሟል፤ ከፀጉሩ የሚወርደው ውሃ ጠብ፣ ጠብ እያለ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ጀርባው ቀጥ ብሎ ቆይቶ፣ የረሳውን ነገር እንዳስታወሰ ሁሉ፣ ቀኝ ትከሻውን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ፤ ሃያ ዓመት የመፍቻ ሳጥን ከመሸከም የዘመመው የታንጉት ትከሻ ልክ እንደዚያ ነው። ከዚያ ፊቱን ወደ በሩ ማዞር ጀመረ።

ሙሉ በሙሉ ሳይዞር ሮጠች። መታወቂያዋና ስልኳ ያለበት ቦርሳ ከእጇ አምልጦ ደጃፉ ላይ ወደቀ፤ ልታነሳው አልደፈረችም። ቁልቁለቱን እየተንሸራተተች ወረደች፤ በጉሙ ሁለት ጊዜ መንገድ ሳተች፤ አንዴ ወድቃ ጉልበቷ ደማ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፦ ሰው ያለበት፣ መብራት ያለበት፣ ማን እንደሆነች የሚጠይቃት ቦታ።

ወደ ደሴ ስትመጣ የምታርፍበት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስትገባ ሙቀቱ፣ የሰው ጫጫታው፣ የሳህን ኳኳታው እንባዋን አመጣው። እንግዳ መቀበያው ላይ ያሉት አቶ ይማም ናቸው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ክፍል የሰጧት ሰው።

«አቶ ይማም» አለች እያለከለከች፣ «እኔ ነኝ። ታንጉት።»

አቶ ይማም ጭቃ ከለበሰ ጉልበቷ እስከ ፊቷ አዩዋት፤ አይተውት የማያውቁትን ሰው በሚያዩበት ትሕትና።

«ወይዘሮ ታንጉትማ ሻንጣቸውን ይዘው ቅድም ገቡ» አሏት፣ መዝገቡ ላይ ገና ያልደረቀውን የገዛ ፊርማዋን በጣታቸው እያመለከቱ፤ «እርስዎን ማን ብዬ ልንገራቸው?»