አሮጌ ጆንያ፣ አዲስ ጭድ

አሠልጣኙ ማስተር ጌቱ ከተሰቀለው የልምምድ ጆንያ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። የደብረ ማርቆስ የጥር ማለዳ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ የሞተበት የቴኳንዶ ማሠልጠኛ ግን ከውጭውም ይብስ ነበር። ድሮ የእህል መጋዘን ነበረ። ኢንስፔክተር ፅጌ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፤ እዚያ ቤት በጫማ አይገባም፣ ሬሳ ቢኖርም ሥርዓት ሥርዓት ነው።

ደም የለም። የጌቱ ደረት ግን ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ተንበርክካ እጁን አነሣች። ጥፍሮቹ ሥር አሸዋ አለ፤ ወለሉ ደግሞ በደንብ የተጠረገ ሲሚንቶ ነው።

«እኔ ነኝ የገደልሁት» አለች በሩ ላይ የቆመች ሴት።

ሥራነሽ ትባላለች፤ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ፣ አርባን ያለፈች የሁለት ልጆች እናት። ቴኳንዶ ስትጀምር ጎረቤቱ ሁሉ «አበደች እንዴ!» ብሎ ስቆባታል። የሚመጣው እሁድ የጥቁር ቀበቶ ፈተናዋ ነበር።

«እንዴት አድርገሽ?»

«ትናንት ከሰዓት ‹አትፍሪ፣ ደረቴን ምቺ› አለኝ። ዞሬ በተረከዜ መታሁት፤ ወደቀ። እየሳቀ ‹እንደገና!› አለኝ። ፈርቼ ሄድሁ። ይኸው አሁንም ‹እንደገና!› ይለኛል። እርስዎ አይሰማዎትም? እሰሩኝ በማርያም!»

ነፋስ ሳይኖር ጆንያው ቀስ ብሎ ተወዛወዘ። ፅጌ በእጇ ይዛ አቆመችው።

«ቆይ እስቲ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለች ቆጣ ብላ። «እኔ ደግሞ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ራሱን የሚከስን ሰው ወሬ ነው።»

ከሥራነሽ ጋር የሚሠለጥነውን የትምህርት ቤት መምህር ምስጋናውን ወደ ጥግ ወሰደችው።

«ከምቷ በኋላ ጌቱ እንዴት ነበር?»

«ኧረ ደህና! አብረን ወለሉን ጠረግን፤ እንዲያውም ሲያንጎራጉር ነበር። እሱን ትቼ ሄድሁ።»

«ጆንያው ውስጥ ምን አለ?»

«የጤፍ ጭድና ያረጀ የስፖርት ልብስ ቁራጭ። ስንት ዓመት ላባችንን ጠጥቷል! ሰሞኑን ግን ጌቱ ‹እስከ እሁድ ማንም አይነካውም፤ እሁድ የምትመታው ሥራነሽ ናት› አለን።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሽ እንዳላማው በዚህ ቅር ብሎት ነበር። ከእሷ ቀድሞ ነው የጀመረው። ጌቱ ግን ‹አንተ ለጥቁር ቀበቶ ገና ነህ› አለው፣ በሰው ፊት።»

ሦስተኛው ሠልጣኝ እንዳላማው የቤቱ ባለቤት ነው። አምሳ ዓመቱ ነው፤ ጉንደ ወይን አጠገብ ሞፈር ይዞ አድጎ ከተማ ገብቷል። ከመጋዘኑ ጋር በተያያዘው ጓሮ ላሙን ሲያበላ አገኘችው። ላሟ የፅጌን እጅ ላሰች።

«አይዞዎት፣ ጨው ትወዳለች» አለ እየሳቀ።

«ማታ ድምፅ ሰምተዋል ጋሽ እንዳላማው?»

«ምንም! ምስኪን ሥራነሽ። ሴት ልጅ መምታት ስትጀምር ልኩን አታውቅም።»

ፅጌ በግርግሙ ጥግ በላብ የወየበ የነጭ ጨርቅ ቁራጭ አይታ ነበር።

ከሰዓት ሦስቱንም ባዶ እግራቸውን ጆንያው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ሥራነሽ፣ ደረቱ የደቀቀ ሰው ወለል አይጠርግም፣ አያንጎራጉርም። የገደለው ያንቺ እግር አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ፅጌ የጆንያውን ስፌት በቢላዋ ቀደደች። ቢጫ ጭድ ፈሰሰ፤ ቤቱን የአውድማ ሽታ ሞላው።

«ዓመታት ላብ የጠጣ ጭድ ይኼን ይመስላል? የዘንድሮ ነው። ገመዱንም እዩት፣ አዲስ ነው። አሮጌው ጭድ ወጥቶ በቦታው አሸዋ ገብቶ ነበር። ጌቱ ማታ ጆንያውን ሲገፋው ከበደው። ከሥሩ ተኝቶ ስፌቱን ሲፈታ አሸዋው ጥፍሩ ውስጥ ገባ፤ አሮጌው ገመድ አልቻለም፣ ተበጠሰና ጆንያው ደረቱ ላይ ወደቀ። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ አሸዋውን አራግፎ፣ ወለሉን ጠርጎ፣ ጆንያውን በአዲስ ጭድ ሞልቶ መልሶ ሰቀለ። የድሮውን ጭድ ቢመልሰው ኖሮ ማን ያውቅበት ነበር?»

«ለምን አልመለሰውም?» አለ ምስጋናው።

«ስለሌለው! የከተማ ልጅ ቢሆን ጓሮ ጥሎት ያገኘው ነበር። ገበሬ ያሳደገው ሰው ግን የጤፍ ጭድ አይጥልም፤ እጁ እሺ አይለውም። ለላሙ ሰጣት። እሷም ጨው ትወዳለች፣ ጥርግ አድርጋ በላችው።» ከግርግሙ ያነሣችውን የስፖርት ልብስ ቁራጭ ከኪሷ አወጣች።

እንዳላማው ግድግዳውን ተደገፈ። «ጌቱን ልገድል አላሰብሁም! በታቦቱ!»

«አውቃለሁ። ጆንያው ለጌቱ አልተሞላም።» ወደ ሥራነሽ ዞረች። «ላንቺ ነበር። እሁድ ባለ በሌለ ኃይልሽ ስትመቺው እግርሽ እንዲሰበር።»

ሥራነሽ እንዳላማውን አየችው። «ወንድሜ፣ ምን አደረግሁህ?»

«ከሴት በኋላ...» አለና አልጨረሰውም። «ሲወድቅ ሰማሁ። ስመጣ በሕይወት ነበር። ‹አንሣልኝ› አለኝ።»

«እርስዎስ?» አለች ፅጌ።

«ጉዴ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ዝም እስኪል ቆሜ ጠበቅሁ። ዛሬም አልተወኝም፤ ‹አንሣልኝ› ይለኛል፣ ‹አንሣልኝ›።»

ፅጌ እጁን ይዛ አወጣችው። ጓሮ ላሟ ጮኸች፤ ከእንግዲህ የሚያበላት የለም።

እሁድ ፅጌ የማሠልጠኛውን ቁልፍ ይዛ መጣች። ጫማዋን አውልቃ ጥግ ተቀመጠች። ምስጋናው ጆንያውን ሰፍቶ ሰቅሎታል። ፈታኝ የለም። ሥራነሽ ቀረበች፣ ዞረች፣ በተረከዟ መታችው። ጆንያው እስከ ግድግዳው ሄዶ ተመለሰ።

ቆማ ጆሮዋን ሰጠች። ያ የጌቱ ድምፅ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። እንባዋን በቀበቶዋ ጫፍ ጠረገች።

«እንደገና» አለች ራሷ።