ስድስቱ ፌሮዎች

ጋሹን ያገኙት ቀትር ላይ ነው።

በመካነ ሰላም በሚሠራው አዲስ መናኸሪያ ምድር ቤት፣ ለደረጃ በተከፈተው ቀዳዳ ሥር ሞቶ ነበር። የኮንክሪት ጣሪያው፣ ሶሌታው፣ ተሰንጥቆ እላዩ ላይ ወድቋል። ጥበቃው ጋሹ ምሳውን ሁልጊዜ እዚያ ነበር የሚበላው። ብርሃን የሚገባው በዚያ ቀዳዳ ብቻ ነው።

ኢንስፔክተር በላይ የሥራ መዝገቡን ገለጠ። «ጥቅምት 5፦ በቀዳዳው ዙሪያ ማጠናከሪያ ፌሮ ታሰረ። አሳሪ፦ ያለው።» ፎርማኑ ሚሊዮን ፈርሞበታል። ፍርስራሹ ውስጥ ግን ማጠናከሪያ ብረት አልነበረም።

ፌሮ ሠራተኛው ያለው በዚያው ቀን ታሰረ።

«ከጋሹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ» አለው በላይ።

«እኔና እሱ? ከሱ ሌላ የማወራው ሰው መቼ አለኝ፣ ጌታዬ።»

«ፌሮውን ለምን ሳታስር ቀረህ?»

«ቀዳዳ አለ ያለኝ የለም። ቀዳዳ የሌለው ድፍን ሶሌታ ነው ያሰርኩት።»

«ጥቅምት አምስት የት ነበርክ?»

«አቦ ነዋ። የአቦ ዕለት እዚህ አገር መዶሻ የሚያነሳ አለ እንዴ? ዲያቆን ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ።»

በላይ ወደ ደብሩ ወጣ።

«ከበሮ ሲመታ ነው የዋለ» አሉት መሪጌታ አካሉ። «አንተንስ መች አየንህና፣ ልጄ?»

በላይ አንገቱን ደፋ። ከዚያ እስረኛውን ያለውን ይዞ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። ያለው የፌሮዎቹን ጫፍ ዳሰሰ።

«ይኼ በብረት መቁረጫው፣ በግራይንደር የተቆረጠ ነው። ቀዳዳው ከኮንክሪቱ ሙሌት በፊት ቢታሰብ ጫፉ ታጥፎ ሲሚንቶው ውስጥ ይቀር ነበር።»

ግራይንደሩ የሚቆለፈው የሚሊዮን ክፍል ውስጥ ነበር።

«ጥቅምት አምስት ማን ሠራ?» አለው በላይ ሚሊዮንን።

ሚሊዮን ሳቀ። «እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። የናንተን በዓል ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል?»

«ያለው ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ነበር። አንተ ግን ሲሠራ ዋለ ብለህ ፈርመሃል።»

ሚሊዮን ፊርማውን አየ። ድምፁ ወረደ።

«የደረጃውን ቦታ ሳልተው አስሞላሁት። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ሊመጣ ነበር። ስህተቴን ቢያይ ያባርረኝ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ በወጣበት ሰዓት ቆረጥኩት። መዝገቡን በኋላ ነው የሞላሁት።»

«ስንት ፌሮ ቆረጥክ?»

«ስድስት።»

«የነሱን ጭነት ማን እንዲሸከመው ነበር?»

ሚሊዮን አቀረቀረ።

«ለምን የያለውን ስም ጻፍክ?»

«እሱ አይናገርም ብዬ። ጠያቂም የለው።»

ያለው አመሻሹ ላይ ተፈታ። የፖሊስ ጣቢያው በር ላይ የጠበቀው ሰው አልነበረም።

«ወዴት ልትሄድ ነው?» አለው በላይ።

«ወደ ምድር ቤቱ። የቀረው ሶሌታም ተሰንጥቋል። ነገ ፍርስራሹን የሚጠርጉት ሰዎች ሳይገቡ ድጋፍ ላቁምለት።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

መንገዱን ተሻገረና ብቻውን ወረደ።