አለሁን አዝላ ወደ ቆላ

ልክነሽ ውሻዋን በቡልኮ አዝላ ከገረሴ ከተማ በላይ ደጋው ላይ ካለው ቀዬዋ ስትወጣ፣ ጎረቤቷ ጌታነህ ጦሩን ከግድግዳ ሲያወርድ አየችው። ጊዜው የ1988 በልግ ነው። የመንደሩ ውሾች ተራ በተራ እህል ተዉ፣ አፍንጫቸው ደማ፣ ሞቱ። ከሁሉ ቀድሞ የታመመው የእሷው ነበርና ሰው ሁሉ «አብዷል፤ ይገደል» ብሎ ፈረደበት።

እንዴት ይገደል? ባሏ ተክለወልድ ከመሞቱ በፊት ቡችላውን እቅፏ ውስጥ አኑሮ «አለሁ» የሚል ስም ያወጣለት ብቻዋን እንዳትሆን ነው። ልጅ የላትም፤ ያላት እሱ ነው። አርባ ምንጭ የእንስሳት ሐኪም አለ ሲሉ ሰምታለች። እዚያ ድረስ ታዝለዋለች፣ በቃ።

ቁልቁለቱን ስትጀምር ጉም መንገዱን ዋጠው፤ ቀጥሎ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ጭቃው ሁለቴ ጣላት። ሁለቴም በግንባሯ ተደፋች እንጂ በጀርባዋ አልወደቀችም። ቀርከሃ ሥር ተጠልላ «አለሁ» ብላ ስትጠራው ጅራቱ ወገቧን መታ መታ አደረገ።

በማግስቱ ማለዳ ጫካው ውስጥ ጅብ ተከተላት። ድንጋይ ወረወረች፤ ጮኸች፤ ሰደበችው። እሱ ቆም እያለ ይከተላል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ አለሁ ግን ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ፣ ከጀርባዋ አንገቱን አቅንቶ ጮኸ። ፀሐይ ስለወጣች ይሁን በሌላ፣ ጅቡ ተመለሰ። ልክነሽ ግን የመለሰው አለሁ ነው ብላ እየሳቀች አለቀሰች።

ስሌ ወንዝ ሞልቶ ጠበቃት። እስከ ወገቧ እንደገባች ጌታነህ ጦሩን ይዞ ከኋላዋ ደረሰ።

«ልቀቂው ልክነሽ! ነክሶ ያሳብድሻል!»

«ሁለታችንንም ውጋና ተገላገል!»

ጎርፉ እግሯን ነጠቃት። ጌታነህ ዘሎ ገባና የጦሩን እጀታ ዘረጋላት፤ ተያይዘው ወዲያ ማዶ ወጡ። ዳር ላይ ሲወድቁ አለሁ ከቡልኮው ተንሸራቶ ወደ ውሃው ተሳበ፤ ረጅም ጊዜ ጠጣ። ጌታነህ ጦሩን አስቀምጦ አየው። ያበደ ውሻ ውሃ እንደሚፈራ ሕፃንም ያውቃል።

«ሁለት የመንደሩን ውሾች በከንቱ ነው የገደልኳቸው» አለ። «የኔዋ ውሻም ትናንት ታማ ተኝታለች። መድኃኒት ካለ አምጪልኝ።»

ጎርፉ ጋብ ሲል እሱ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ እሷ አለሁን አዝላ ወረደች።

አርባ ምንጭ፣ ዕዝራ የሚባል ወጣት ሐኪም የአለሁን ጆሮ ገለበጠ። ደም የጠገበች መዥገር ነቅሎ አሳያት።

«እናቴ፣ ውሻው ቆላ ወርዶ ያውቃል?»

«ላንቴ፣ ወንድሜ ጋ። ዝንጀሮ ሙዙን እንዳይጨርስበት ሁለት ወር ጠብቆለታል።»

«መዥገሩን ይዞ የወጣው ከዚያ ነው። ያሉኝን የመንደሩን ውሾችም በሽታው የያዛቸው ከእሱ ነው። ገና የታመሙት በዚህ ክኒን ሊድኑ ይችላሉ። እሱ ግን እናቴ… ዘግይተዋል።»

በገመድ ጎትታ ላንቴ ያወረደችው ራሷ ናት። ሐዘኑም ጸጸቱም ባንድ ላይ ወረደባት። አለሁ እጇን አንዴ ላሰና እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሞተ።

ከክሊኒኩ ጀርባ ቀበረችው። ቡልኮውን ተክለወልድ ነበር የሸመነው። መዥገር አለበት ቢሏት በገዛ እጇ ክብሪት ጫረችበት። ክኒኑን መቀነቷ ላይ ቋጥራ ዳገቱን ተያያዘችው። ሁለት ቀን ስትወጣ ጀርባዋ ላይ ምንም አልነበረም።

መንደሯ አፋፍ ስትደርስ ጉም ነበር። ከጉሙ ውስጥ ጌታነህ ተጣራ።

«ልክነሽ! አለሽ?»

መልሱ አንድ ቃል ነው። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው።

«ልክነሽ! ውሻዬ ገና አልሞተችም! አለሽ ወይ?»

መቀነቷን ጨበጠች።

«አለሁ!» ብላ ጮኸች።

ከዚያም እንደ ልማዷ፣ ይመጣ እንደሆነ ዞር ብላ ኋላዋን አየች።