ለአለቃ ያልወጣ መለኪያ

የጥገና ሠራተኛው ኩራሞቺ በሽቦ አጥሩ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ፤ የቀኝ መዳፉ ከስሏል። ከበላዩ ካፓሲተሮቹ ላይ የመሬት ሽቦ ያለው ዘንግ ተሰቅሏል።

እነዚህ ካፓሲተሮች ያጠራቀሙትን ኤሌክትሪክ በቅጽበት ለማግኔት ይለቁና፣ በኒጋታው ማፋጠኛ ውስጥ የሚከንፈውን የቅንጣት ጨረር ከመንገዱ ያስወጡታል። ሰው ሳይነካቸው በፊት ባዶ ይደረጋሉ፤ ከዚያ የተረፈ ኤሌክትሪክ ካለ ወደ መሬት እንዲያወርደው ዘንጉ ይሰቀልባቸዋል።

«ባዶ ማድረግ የሷ ሥራ ነው» አለ አለቃው ኢዋቡቺ፣ በአገጩ ቴክኒሻኗን ሃንዩን እየጠቆመ። «ሰው ገደለች። ትታሰር!»

ሃንዩ ተቃወመች። «ጥገና መኖሩን ማን ነገረኝ?»

«ሟቹም እኮ አይወድሽም ነበር» አለ መሐንዲሱ ሳጋራ። ከመጣ ወር አልሞላውም፤ ሥራው ባይገባውም ሐሜቱን አጣርቶ ያውቃል።

መርማሪዋ ቶጋሺ ወደ ሃንዩ ዞረች። «እንዴት አይወድሽም?»

«ባዶ ነው ስለው አያምነኝም። መለኪያ አውጥቶ ይፈትሻል። ሳጋራንም እንደዚያው።»

«አለቃችሁንስ?»

«አለቃ ባዶ ነው ካለ በኋላ መለኪያ ማውጣት? እዚህ ቤት? በጥፊ ከመምታት አይተናነስም።»

ቶጋሺ የሟቹን መሳቢያ ሳበች። መለኪያው ከነማኅደሩ እዚያው ተኝቷል። ሦስቱንም ከአጥሩ ፊት አቆመቻቸው።

«ዘንጉ ቀድሞ ተሰቅሎ ቢሆን ሰውዬው አይሞትም። ስለዚህ ከሞተ በኋላ የገባ ሰው ነው የሰቀለው። መለኪያውን ደግሞ አላወጣም፤ ባዶ ነው ያለውን ሰው አምኗል። እነዚህን ሁለቱን አያምንም።»

«ወሬኛ!» አለ ኢዋቡቺ።

«የአደጋ መከላከያውን አስፈትተው ማሽኑን እንደሚያሠሩ ሟቹ ሊያጋልጥዎት ነበር። ለሚስቱ ነግሯታል።»

«ማስረጃሽን አምጪ!»

«የለኝም። ያልገባኝም ነገር አለ። ገዳዩ መሞቱን ሊያረጋግጥ ገባ እንበል። ምን ዓይነት ጅል ነው በዚያች ሰዓት ዘንግ ሲሰቅል የሚቆም?»

ኢዋቡቺ ቱግ አለ። «ጅልስ አንቺ! ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ሠርቼ፣ ሳልሰቅል ልግባና አብሬው ልሙት?»

የተናገረውን የሰማው ከሁሉም መጨረሻ እሱ ራሱ ነበር። ሳጋራ ከጎኑ ሸሸት አለ።

ሃንዩ ከእስር መትረፏ ገና አልታወቃትም። ወደ አለቃዋ ተጠጋች፤ አንቱታውንም እዚያው ጣለችው።

«ከሁላችንም ያመነው አንተን ብቻ ነበር» አለችው።